ስልኩን አትዝጋው

ትናንት እኩለ ሌሊት ላይ ወዳጄ ደወለ። መጠጥ ካቆመ ወራት አልፈዋል። «ምንም አትበለኝ፤ ብቻ ስልኩን አትዝጋው» አለኝ።

እኔ ደግሞ ምክር የማያልቅብኝ ሰው ነኝ። እግዚአብሔር ከምንችለው በላይ እንድንፈተን አይፈቅድም የሚለው 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ለ11 ደቂቃ የሰማሁት የእግሩን ኮቴ ብቻ ነው። ወደ በሩ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቁልፎች ሲንቀጫቀጩ ሰማሁ፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ቁልፎቹ ጠረጴዛ ላይ አረፉ። እንደዚያ ያለ ትንሽ ድምፅ እንዲህ ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም። ወንበር ተሳበ። «አሁን እተኛለሁ» ብሎ ዘጋው።

የእኔ እንቅልፍ ግን ጠፋ፤ ማቴዎስ 26ን ገለጥኩ። በምድረ በዳ ፈታኙን ሦስት ጊዜ ከኦሪት ዘዳግም በተጻፈ ቃል የመለሰው ጌታ፣ በጌቴሴማኒ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ይለምናቸዋል። ቃሉ ያልጠፋው እርሱ እንኳ በዚያች ሌሊት አጠገቡ የሚነቃ ሰው ፈለገ። ሦስቱም ተኙ። (ስፈርድባቸው ኖሬያለሁ፤ ኮቴው ባይኖር እኔም አንቀላፍቼ ነበር።) እስከ ዛሬ ስንቱን ጭንቀተኛ በአንድ ጥቅስ አሰናብቼ ይሆን?

ዛሬ ማታ ስልኬን ትራሴ አጠገብ አስቀምጬ ጠበቅሁት። አልደወለም። የሚገርመው፣ እኔን የሚታገለኝን ነገር ለእርሱ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። እርሱም ጠይቆኝ ነበር፤ በቀልድ አለፍኩት። አሁን ስልኬ ላይ የወዳጄን ስም አውጥቼ እያየሁት ነው።