በብርድ የተሸለተው ጠቦት

ዛሬ ጠዋት ለሥጋ ከምናደልባቸው ጠቦቶች የመጀመሪያውን ሸልተን ስንለቀው፣ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ማሽኑን አጥፍቶ «ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ጠጉሩን ገፈነው አይሞትብንም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ ወደድኩት። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን እጁን ይዤ ገና ያልተሸለተ ጠቦት ጠጉር ውስጥ አስገባሁለት፤ ላይ ላዩን ደረቅ የሚመስለው ጠጉር ከሥሩ ረጥቦና በወዙ ተጣብቆ ይፋጅ ነበር።

የበግ የሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ብዙ ጠቦቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠጋግተው ሲያድሩ ያ ሁሉ ሙቀት በወፍራም ጠጉር ስለሚታፈን፣ እንስሳው ያለከልካል፣ የመብላት ፍላጎቱም ይቀንሳል። የተሸለተው ግን ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት ስለሚፈልግ ወደ መኖ ገንዳው ይመላለሳል። ከሚበላው ከፊሉ ብርድን ለመከላከል እንደሚውል መዘንጋት አይገባም፤ ስለዚህ መኖው በቂ ካልሆነ፣ ጉዝጓዙ ካልደረቀ፣ ነፋስም በቀጥታ የሚገባ ከሆነ፣ በእኔ እምነት በክረምት መሸለት በእንስሳው ላይ መጨከን ነው። ለዚህም ነው ቆዳውን ሙሉ በሙሉ የማያራቁት፣ አጭር ጠጉር የሚያስቀር ማበጠሪያ ማሽኑ ላይ የምንገጥመው።

ማምሻውን ስመለስ ወጣቱ ማንም ሳያዝዘው በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጆንያ ደፍኖ፣ ደረቅ ገለባ ጨምሮ ጎዝጉዞ አገኘሁት። የጠዋቱ ጠቦት ገንዳው ላይ አጎንብሶ ይበላ ነበር።