ደሙ ስንት ቀን ይጥማል?

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ዕድሜው 12 ነው። ከሄርማታ መርካቶ ወረድ ብላ ያለችው ጌም ቤት በር ላይ ዝናብ ተጠልለን ቆመናል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አንዴ ከጀመረ ቶሎ አይለቅም። "ጋሼ፣ ለአዋቂ ብቻ የሚሉት ጌም ለምንድነው ከሌላው የሚጥመው?" አለኝ። ይጥማል ወይ አይደለም ያለው። ለምን ይጥማል ነው ያለው። መጣሙን አምኖ ጨርሷል።

እዚያው የሆነ ነገር መለስኩለት፣ ግን መልሴ ለራሴም አልጣመኝም። ሳምንቱን ሙሉ በሐሳቤ ሲመላለስ ሰነበተ። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ጌም ቤቷን ላሳያችሁ። አንድ ክፍል ናት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አራት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ረጅም አግዳሚ ወንበር። የጆይስቲኮቹ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎማ ተልጦ አልቋል፤ ባለቤቱ ከብስክሌት ጎማ ቆርጦ ለጥፎበታል። ሦስቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ሁሌም ኳስ ነው። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። አራተኛው፣ ጥግ ያለው፣ ሞርታል ኮምባት የሚባለው የድብድብ ጌም የተከፈተበት ነው። ከኋላው የሚቆመው ሰው ብዛት ግን ኳሱ ጋ ካለው ይበልጣል። አብዛኞቹ የሚከፍሉት የላቸውም፣ ለማየት ብቻ ነው የሚመጡት።

ያን ቀን አንድ አዲስ ልጅ ነበር። ምናልባት 9 ዓመት ቢሆነው ነው። ተሸናፊው ሊወድቅ ሲንገዳገድ የጌሙ ወፍራም ድምፅ "ፊኒሽ ሂም!" (ጨርሰው!) ሲል፣ ተጫዋቹ ቁልፎቹን በተርታ ተጫነና አከርካሪ ከነጭንቅላቱ ተመዞ ወጣ። አዲሱ ልጅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ በጣቶቹ መሃል አጮለቀ። ከዚያ ሳቀ። ከዚያ "ድገመው!" አለ።

ይህን ያየ ሰው "በቃ፣ ደሙ ነው ያስደሰተው" ቢል አይፈረድበትም። ግን እዚያው አጠገቡ የቆሙትን ነባሮቹን ልብ በሏቸው። እነሱ እኮ ይህን መቶ ጊዜ አይተውታል። ቀጣዩ ዙር ላይ ያው ድምፅ መጣ፣ ተጫዋቹም ያንኑ ሊደግም ጣቱን ሲያዘጋጅ አንዱ ከኋላ በኦሮምኛ ጮኸበት፣ ሌላው በአማርኛ ተቀበለው፦ "ጊዜ አትፍጅ! በካልቾ ጨርሰው!" ተረኛው እየጠበቀ ነዋ። እጁ የምታሳክከው ለመጫወት ነው። አከርካሪው ወጣ አልወጣ ጉዳዩ አይደለም።

ለእኔ መልሱ እዚያ ክፍል ውስጥ አለ። ደም አንድ ሳምንት ይጥማል። ከዚያ በኋላ ጌሙ በራሱ እግር መቆም አለበት።

ደም አይሸጥም እያልኩ አይደለም። ይሸጣል። ይህን መካድ ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይኸው ሞርታል ኮምባት ከሕዝብ መጫወቻ ማሽኖች ወጥቶ ወደ ቤት ሲገባ ቴሌቪዥን ላይ በሚሰኩ ሁለት ተፎካካሪ ኮንሶሎች፣ በሱፐር ኒንቴንዶና በሴጋ ላይ ወጣ። በሱፐር ኒንቴንዶው ላይ ደሙን አውጥተው በምትኩ ግራጫ ላብ አደረጉበት። በሴጋው ላይ ግን ደሙ በኮድ ተደብቆ ተቀመጠ። ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤ፣ ቢ፣ ቢ ብለህ ትጫናለህ፣ ደሙ ይመጣል። የአገሩ ልጅ ሁሉ ኮዱን በቃሉ ያዘው። በሽያጭም ሴጋው አሸነፈ። በዓመቱ ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ኒንቴንዶም ደሙን ፈቀደ። ጫጫታው የአሜሪካ ሴኔት ድረስ ደርሶ፣ በ1994 ኢኤስአርቢ የሚባለው የዕድሜ ደረጃ ሰጪ ተቋም ተመሠረተ። ዛሬ ኤም የምትለዋ ምልክት፣ ከ17 ዓመት በታች አይሆንም የምትለዋ፣ የመጣችው ከዚያ ነው። አውሮፓም በ2003 ፔጊ የሚባለውን የራሱን አወጣ።

ግን ሰው ወደ በሩ የሚሳበው በአንድ ነገር ነው፣ ከገባ በኋላ የሚያቆየው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ስለምንቀላቅል ነው የምንሳሳተው። ይህን የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ያወጣውን ጥናት ሳነብ ያቺ ጌም ቤት ናት ፊቴ ላይ የመጣችው። ከሙከራዎቻቸው በአንዱ ሃፍ ላይፍ 2 የሚባለውን ጌም ወስደው ሁለት ዓይነት አደረጉት። በአንደኛው ጠላትህን በደም ትገድላለህ። በሌላኛው ልክ እንደ አባሮሽ ምልክት ታደርግበታለህ፣ እሱም ወደ ላይ ተንሳፍፎ ይጠፋል። የቀረው ሁሉ አንድ ነው። ደም ያለበትን የተጫወቱት ሰዎች የበለጠ አልተደሰቱም። ደስታውን የወሰነው "ችያለሁ" የሚለው ስሜትና "እንደፈለግኩ አደርጋለሁ" የሚለው ነፃነት ነው።

ከዚያ ጥናት እኔን ቁጭ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። በተፈጥሯቸው ቁጣ የሚቀናቸው ሰዎች ደም ያለበትን ጌም ይመርጣሉ፣ ሲጫወቱት ግን ደሙ ደስታቸውን አልጨመረላቸውም። ይመርጡታል፣ ደስታ ግን አይጨምርላቸውም። ያ የ12 ዓመት ልጅ ጥያቄውን ሲጠይቀኝ ይህን ባውቅ ኖሮ ብዬ ተቆጭቻለሁ።

የራሴንም ልንገራችሁ። እኔ ሃይስኩል እያለሁ ጅማ ላይ ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ቤት ሁሉ ሳን አንድሪያስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጂቲኤ፣ ወንጀለኛ ሆነህ በሰፊ አገር እንደልብህ የምትዞርበት ጌም። ከትምህርት ቤት ወጥተን የአዌቱን ድልድይ በሩጫ ነበር የምንሻገረው፣ ሌላ ሰው ወንበር እንዳይቀድመን። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ያደረግነው ያው ነው፤ ፖሊስ መምታት፣ ፖሊስ ምን ያህል እንደሚፈልግህ የሚያሳየውን ኮከብ ማስጨመር፣ ታንክ እስኪመጣ መጠበቅ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ሰው የየራሱን ያዘ። አንዱ ጓደኛችን በብስክሌት ቺሊያድ ተራራ ላይ መውጣት ነበር ሥራው፤ ወጥቶ ሲያበቃ ቁልቁል ይለቀዋል። ሌላው የጌሙን ዋና ሰው ሲጄን በርገር እያበላ ያወፍረዋል፣ ከዚያ ጂም ወስዶ ያከሳዋል፤ ግማሽ ሰዓት የከፈለበትን ለዚህ። እኔ ደግሞ መዋኘት። ከዚያ በፊት በነበሩት ጂቲኤዎች ውሃ ከገባህ ሞተሃል፣ ሲጄ ግን ይዋኛል። ባሕር አይቼ የማላውቅ የጅማ ልጅ ነኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃው ብርቱካን ሲሆን ከዳርቻው ርቄ እየዋኘሁ ሄጄ ዞር ብዬ ከተማውን አየዋለሁ። እዚያ ውስጥ ምንም ለአዋቂ ብቻ የሚባል ነገር የለም። እስከ ዛሬ ከዚያ ጌም የሚታወሰኝ ግን እሱ ነው።

ስለ ወሲቡም ጉዳይ ብዙ ተብሏልና አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው ሳን አንድሪያስ ውስጥ ሠሪዎቹ ዘግተውት የተውት የወሲብ ክፍል እንዳለ ታወቀ፣ ሰዎችም ከፍተው አወጡት። "ሆት ኮፊ" ተባለ። ዓለም ተንጫጫ፣ የዕድሜ ደረጃው ለአዋቂ ብቻ ወደሚለው ከፍ አለ፣ ሱቆች ከመደርደሪያ አወረዱት። ነገር ግን ይህ ከመታወቁ በፊት እኮ ሚሊዮኖች ጌሙን ተጫውተው ወደውት ነበር። ሳያዩት ነው የወደዱት።

ቁጥርም ካስፈለገ፣ ጂቲኤ 5 ከ200 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል። የአዋቂ ጌም ነው። ማይንክራፍት ደግሞ በ2023 ከ300 ሚሊዮን አልፏል። ድንጋይ የምትፈልጥበት፣ ቤት የምትሠራበት፣ ትንሽ ልጅ የሚጫወተው ጌም ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር ሰፊ አገር ሰጥተውህ "እንደፈለግክ ሁን" ማለታቸው ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ያ የዕድሜ ምልክት የሚለጠፈው ሣጥኑ ላይ ነው። እኛ ልጅ ሆነን ሣጥኑ ጅማ ደርሶ አያውቅም ነበር። የሚደርሰው ላዩ ላይ በማርከር "ጂቲኤ" ወይም "ሞርታል" ተብሎ የተጻፈበት ኮፒ ሲዲ ነው። ዛሬ ደግሞ ሲዲውም ቀርቶ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያ የ9 ዓመት ልጅ ፊቱን ሲሸፍን "ይህ ለአንተ አይደለም" የሚለው ሰው ያስፈልግ ነበር። እንዲህ የሚል ሰው ደግሞ አልነበረም። እኔም ነበርኩ፣ እኔም አላልኩም። ይህን ስጽፍ ይከብደኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቱን ላናግረው ነው፤ ያቺን ቴሌቪዥን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትልልቆቹ ብቻ በእሷና በግድግዳው መሃል እንዲቀመጡ ቢያደርግ ገበያው አይቀንስበትም። ኳሱ ይበቃዋል።

ጌም ላይ ከባድ ነገር አይግባ የምል ሰው ግን አይደለሁም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። አዋቂ የሚለው ቃል እኮ በአማርኛችን ከማወቅ ነው የመጣው። አከርካሪ መምዘዝ ምን ያሳውቃል? ለአዋቂ ነው የምለው ጌም ከተጫወትኩት በኋላ የሆነ ነገር ይዤ የምሄድበት ነው። እንዲህ ያለ አንድ አውቃለሁ፣ ስሙ ዲስ ዋር ኦፍ ማይን ይባላል። የፖላንድ ሰዎች ናቸው የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፣ ስልክ ላይም አለ። ሐሳቡን የወሰዱት በ1990ዎቹ ከሳራዬቮ ከተማ ከበባ ነው። ወታደር አይደለህም። ጦርነት መሃል የቀሩ ጥቂት ሲቪሎችን ይዘህ ቀን ቀን ምድጃና አልጋ ትሠራለህ፣ ማታ ማታ ደግሞ አንዱን ልከህ ምግብና መድኃኒት እንዲፈልግ ታደርጋለህ። በ2020 የፖላንድ መንግሥት ለተማሪዎች ከሚመከሩት ንባቦች ጋር እንደሚያስገባው አስታውቋል። ጌም ከመጻሕፍት ጋር!

አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሻማ አብርተን እኔና እናቴ ሳሎን ተቀምጠናል። ስልኬ ላይ እሱን እየተጫወትኩ ነው። እናቴ ስለ ጌም ግድ ኖሯት አያውቅም፣ "ዓይንህን" ከማለት ሌላ። ቤት ውስጥ ያለኝ አንዱ ሰው ታሟል፣ መድኃኒት የለንም። የላክሁት ሰው የገባው ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት የሚኖሩበት ቤት ነው። መሣሪያ የላቸውም። ሽማግሌው እየተከተለ ይለምናል፣ አይመታም፣ ይለምናል ብቻ። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስልኩን አየች።

"ምን ይላሉ ሽማግሌው?" አለችኝ። አንቱ አለችው፣ ለጌም ሰው።

"እንዳትወስድብን፣ ይላሉ።"

"አንተ ምን ልትወስድ ነው?"

"መድኃኒት። የእኔ ሰው ታሟል።"

ዝም አለች። ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። እኔ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሜያለሁ፣ አንድ ጊዜ ብነካ መድኃኒቱ የእኔ ነው። ልቤ በእውነት ይመታ ነበር። ሞርታል ኮምባት ላይ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም፣ እዚህ ደግሞ ስክሪኑ ላይ አንዲት ጠብታ ደም የለችም።

"ተዋቸው ልጄ፣ ሌላ ቤት ሂድ" አለችኝ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። የታመመው ሰውዬ ባሰበት። ጌሙን ዘግቼ ተኛሁ፣ ቶሎ ግን አልወሰደኝም። አስደሰተኝ ወይ ካላችሁኝ፣ ደስታ የሚለው ቃል አይበቃውም። ግን በማግሥቱ እንደገና መክፈት ነው የፈለግኩት።

ጠዋት እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ጭሱን በእጇ ወደ እኔ እያራገበች፣ "ሽማግሌዎቹስ?" አለችኝ።

"አልተመለስኩባቸውም" አልኳት። "እዚያው ቤታቸው አሉ።"