በሐረር ያባከንኩት ዓርብ

ሐረርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ዓርብ ጠዋት የፈቃድ ደብዳቤ ልጠይቅ ብላችሁ መሥሪያ ቤት አትግቡ። ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ ግማሽ ቀኔ ይተርፍ ነበር። ከግማሽ ቀኑ ይልቅ የሚቆጨኝ ደግሞ ደብዳቤውን ይዤ የሠራሁት ጥፋት ነው። ስለዚህ ሌላውን በአጭሩ አልፌ እዚያ ላይ እቆያለሁ።

የመጣነው ከደብረ ብርሃን ነው፤ እኔና እናቴ። እኔ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርት ነኝ። ጁገል ስለምትባለው የሐረር አሮጌ ከተማና ስለ ግንቧ ለተማሪዎቼ ለዓመታት ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ አላየሁትም ነበር፤ ይህ ያሳፍረኝ ነበር። አዲስ አበባ አድረን ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዋሽን፣ ጭሮን፣ ሂርናን ያሳልፋል። ቁልቢ ስንደርስ እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ አማተበች። ደንገጎ ላይ የድሬዳዋው መንገድ ቁልቁል ተገንጥሎ ይወርዳል፣ የእኛው በሐረማያና በአወዳይ በኩል ይቀጥላል። ሐረር የገባነው ሲመሽ ነው። ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ሆቴል ያዝን፤ ይህም ስህተት ነበር፣ እመለስበታለሁ።

ከመነሳቴ በፊት ስልክ ደውዬ ለአንድ ባለሥልጣን ጎብኚ ምን ማሟላት እንዳለበት ጠይቄ ነበር። «ካሜራ ከያዛችሁ ደብዳቤ ታስፈልጋችኋለች፣ መጀመሪያ ወደ እኛ ኑ» አለኝ። ወንድሜ ለተማሪዎቼ ፎቶ እንዳነሳበት ትልቁን ካሜራውን አውሶኝ ስለነበር ምክሩን እንደ ሕግ ያዝኩት።

ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሩ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያው ሠራተኛ ማመልከቻ ጽፌ እንዳመጣ ነገረኝ። በእጄ ጽፌ ሰጠሁት። አነበበና በኮምፒውተር ካልተጻፈ መዝገብ ቤት አይቀበለውም አለ። ውጭ ወጥቼ ኮፒ ቤት ፈልጌ አስጻፍኩ። ስመለስ መዝገብ ቤቷ የነበረችው ሴት የለችም፤ «አሁን ትመጣለች» ተባለ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ባለችው አንድ ወንበር ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ሴትዮዋ መጥታ ቁጥር ሰጠችኝና ወደ ኃላፊው መራችኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። ከስብሰባ ሲወጣ ማመልከቻዬን ገልብጦ አየና «የትምህርት ቤትሽ የድጋፍ ደብዳቤ የታለ?» አለኝ። በስልክ ስጠይቅ ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ማንም ቃል አልተነፈሰልኝም ነበር። የመምህርነት መታወቂያዬን አሳየሁት። ጥቂት አሰበና ይሁን ብሎ ጻፈበት። እፎይ ብዬ ማህተም ወደሚመታበት ክፍል ስሄድ ግን 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ በሩ ተቆልፏል።

ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ዝግ መሆኑን መምህርት ሆኜ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሰዎቹ ወደ ጁምዓ ሶላት መሄዳቸው መብታቸው ነው፣ በዚያ አልከፋም። የከፋኝ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ዓርብ ነው፣ ቅዳሜ ጎብኚ፣ ይህ ሁሉ አያስፈልግሽም» የሚል አንድ ሰው እንኳ አለመገኘቱ ነው። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስን። ማህተሙ በእጁ ያለው ሰው የመጣው 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ደብዳቤው እጄ ሲገባ 9 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፤ ክብ ሐምራዊ ማህተም አለበት። በሐረር በቆየሁባቸው ቀናት ይህን ደብዳቤ አሳዪኝ ያለኝ አንድም ሰው የለም። እኔ ራሴ አውጥቼ ያሳየሁት ግን ለአንድ ሰው ነው።

በሸዋ በር ገባን። ጁገል 48 ሄክታር ናት፤ በእግር ቶሎ የምታልቅ ይመስላል። በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮችና መዘየሪያዎች አሉ፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውም በዚህ ሁሉ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በቃሌ እለዋለሁ። ያን ዕለት ግን ከመምሸቱ በፊት ሁሉንም ልያዝ ብዬ እናቴን ወደኋላ ትቼ እሮጣለሁ። መኪና ግርግር ገባሁ፤ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው፣ ስሙም ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ የመጣ ነው። ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሰፊዎች እግራቸው መርገጫው ላይ፣ እጃቸው ጨርቁ ላይ። አነሳሁ። ማንንም ሰላም አላልኩም። ግድር መጋላ የሚባለው ገበያ ደረስኩ፤ ጭልፊቶች ከሥጋ ቤቶቹ በላይ ይዞራሉ። እሱንም አነሳሁ።

ከገበያው ጥግ አንዲት አሮጊት ሎሚ ይሸጣሉ። ጆንያ ላይ አምስት አምስት አድርገው ደርድረውታል፤ አራቱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ጥፍራቸው ሂና የነካው ነው፤ ሂናው አድጎ ከሥሩ ነጭ ጥፍር ብቅ ብሏል። የሎሚው ቢጫና የጥፍራቸው ቀለም አንድ ላይ ሲታይ ያምራል። ጠጋ ብዬ ቁጭ አልኩና ሦስት ጊዜ አነሳሁ። በሦስተኛው ቀና አሉ። ሻሻቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑና «ማን ፈቀደልሽ?» አሉኝ፣ በጥርት ያለ አማርኛ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ የለፋሁበት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ስለነበር እሱን አወጣሁ። ዘርግቼ ማህተሙን አሳየኋቸው። ወረቀቱን አላዩትም፣ እኔን ነው ያዩኝ።

«ስሜ አለበት?»

መልስ አልነበረኝም። እናቴ በዚያ ቅጽበት ደረሰች። ፊቴን አይታ የሆነው ገባት። ጉልበቷን ይዛ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና «እህቴ፣ ይቅር በያት፣ ልጅ ናት» አለች። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ መሬቱ ቢከፈትና ብገባ እወድ ነበር። ፎቶዎቹን እዚያው አጠፋሁ፤ ሲጠፉ ላሳያቸው ካሜራውን ባዞርላቸውም አልተመለከቱም። እናቴ ከመቀነቷ ብር ፈትታ ሎሚ ስጪኝ አለቻቸው። እጃቸውን በሎሚው ላይ ዘረጉና «ለናንተ አልሸጥም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እናቴ ብሩን መልሳ ቋጠረች፣ ወጣን።

ሆቴል እስክንደርስ አልተነጋገርንም። ከዚያ እናቴ «እኔን ደብረ ብርሃን ገበያ ተቀምጬ እንዲህ ቢያነሱኝ አንቺ ምን ትዪ ነበር?» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ዕቃችንን ይዘን ያን ማታ ጁገል ውስጥ ወደ አንድ ጌይ ጋር ተዛወርን፤ እንግዳ የሚያሳድር የሐረሪ ቤት ነው። ከመጀመሪያው እዚህ ማረፍ ነበረብን። ሆቴሉ ምቹ ነው፣ ጎብኚም ወደዚያ ይላካል፤ እኔ ግን በጭራሽ አልመክርም። ጌይ ጋር ስትገቡ ጫማ ይወልቃል። ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያሉ አምስት ነደባዎች፣ ማለትም መቀመጫ መደቦች፣ አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው በተሰቀለ ስፌት የተሞላ ነው። ወለሉና ነደባው በቀይ አፈር የተቀባ ነው፤ ቀይነቱ በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ መሆኑን የቤቱ እመቤት ነገሩን። በማግስቱ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የጨለንቆ ሰማዕታትን ሐውልት ሳይ ቃላቸው መጣብኝ። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ የሸዋ ጦር የሐረርን ጦር ያሸነፈበትን ያን ጦርነት እኔ ክፍል ውስጥ በአንድ መስመር ነው የማልፈው። በሸዋ ልጅነቴ እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን እዚህ አልዘረዝርም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

እመቤቲቱ ኩቲ አፍልተው አቀረቡልን፤ የቡና ቅጠል ነው፣ ወተት ገብቶበታል። እናቴ የገበያውን ነገር ነገረቻቸው። አልተቆጡኝም። «መጀመሪያ ሰላም በዪ፣ ከዚያ ግዢ፣ ከዚያ ጠይቂ፤ እምቢ ካሉሽ ተዪው» አሉኝ። ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ነው። ጥቅሙን በማግስቱ በመኪና ግርግር አየሁት። አንድ ሽማግሌ ሰፊ የእናቴን የቀሚስ ጠርዝ አሰፋሁና፣ እሱን ሲጨርሱ ጠየቅኳቸው። ኮፍያቸውን አስተካክለው ተነሱልኝ። ከዚያ መንገድ ያለኝ ፎቶ ያ አንዱ ብቻ ነው፤ የዓርቡን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ።

ቅዳሜን የምመክረው እንዲህ ነው። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ውጡ፤ ሐረር 1,800 ሜትር ከፍታን ያለፈች ናት፣ እንደ ድሬዳዋ አትሞቅም። መሪ ከመጀመሪያው ሰዓት ያዙ ይላሉ፤ እኔ ግን ግማሽ ቀን ብቻችሁን ጠፍታችሁ ዙሩ እላለሁ፤ ከግንቡ ውጭ አትወጡም፣ ቁልቁል ብትሄዱ አንዱ በር ላይ ትደርሳላችሁ። ዱሮ በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው ለመኪና ሲባል በኋላ የተከፈተ ነው። መሪ የሚያስፈልጋችሁ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔም ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ። የራምቦ ቤት የሚባለውን ባለ ቀለም መስታወት ቤት እዩት። ቤቱን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እዚያ ስለመኖሩ ብዙዎች ይጠራጠራሉ፤ ግን በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ፣ በዚህ ከተማ ካሜራ ይዞ ያነሳቸው ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ካነሳቸው መካከል የራሱ ምስሎች ይገኙበታል። እነሱ ፊት ከሌላው ክፍል ይልቅ ረዥም ጊዜ ቆምኩ።

የሸሪፍ ሙዚየምን አትለፉት፤ አንድ ሰው የዕድሜውን ጥረት አፍስሶ የሰበሰበው ነው፣ የብራና መጻሕፍቱን ብቻ ለማየት አንድ ሰዓት አይበቃም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ወደ ጅቦቹ ሂዱ። የሚመግባቸው ሰው ሥጋውን በአጭር እንጨት ይዞ በስም ይጠራቸዋል። እናቴ እጄን ጨምቃ ይዛ ቆመች፣ አንዱ በአጠገባችን ሲያልፍ ጀርባው ቀሚሷን ነካው፤ አልጮኸችም። ካሜራው ቤት ነበር። ለዚህኛው አልቆጨኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ግድር መጋላ ተመልሼ ነበር፣ ባዶ እጄን። ጥጉ ላይ ጆንያው አለ፣ ሎሚው አራት ከታች አንድ ከላይ ተደርድሯል፤ የተቀመጠችው ግን አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። አያቷ ዛሬ እንዳልመጡ ነገረችኝ። ሰኞስ? አላውቅም አለች። እኛ እሑድ ሌሊት ነበር የምንመለሰው። ለአያቷ የሚነገር ምን መልእክት እንደምተው አሰብኩ፣ ለልጅ የሚነገር ነገር አልነበረም። ሰላም በይልኝ አልኳት፤ ካሜራ ይዛ የነበረችው ሴት በያቸው።

ልጅቷ ለእናቴ አንድ መደብ ሎሚ ሸጠችላት። እናቴ አምስቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ አውቶቡስ ውስጥም ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዛቸው መጣች።