በዋዜማው ሌሊት፣ ደረጃ ላይ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ዛሬም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ባጭሩ ልንገራችሁ። ውጭ አገር በአስትሮፊዚክስ ዶክትሬቴን እየሠራሁ ነበር። አምስተኛ ዓመቴ ላይ እማዬ ታመመች ብለው ደወሉልኝ፣ መጣሁ። የገባሁበት ቪዛ ጊዜው አልፎ ስለነበር ለመመለስ አዲስ ጠየቅኩ። "ማጣራት ላይ ነው" ተባልኩ። 11 ወር አለፈ።

እማዬ ዳነች፣ ክብሩን እሱ ይውሰድ። እኔ ግን ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቀረሁ። ከዩኒቨርሲቲው የማገኘው ገንዘብም ቆመ። ጥናቴ አልቆመም፤ ጋያ የምትባለው የአውሮፓ ሳተላይት የለካችው የከዋክብት መረጃ ለማንም ክፍት ነው፣ ኢንተርኔት ካለ ኮየ ፈጬም ይሠራል። የማጠናው ሴፊይድ የሚባሉትን ነው። እንደ ልብ ትርታ የሚደምቁና የሚደበዝዙ ከዋክብት ናቸው። ሄንሪዬታ ሌቪት የምትባል ሴት በ1912 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሥራ ረጋ ብሎ የሚመታው ኮከብ ብርሃኑ ይበልጥ ኃይለኛ መሆኑን አሳየች። ትርታውን ቆጥረህ እውነተኛ ድምቀቱን ታውቃለህ፣ ያንን ከምድር ከሚታየው ድምቀቱ ጋር አስተያይተህ ርቀቱን ታገኛለህ ማለት ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል አንድሮሜዳ የምትባለው የከዋክብት ስብስብ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗን ያረጋገጠው በዚሁ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ውርር ያደርገኛል። ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ!

ያኔ ግን እንዲህ አላልኩም። አልደብቅም፣ ተቀይሜው ነበር። አንድ ቀን የቪዛውን መልስ ከምጠብቅበት ኢሜይሌ ተነሥቼ "ሰማይህን ቀና ብዬ ሳይ ኖርኩ፣ አንተ አንድ ቀን ጎንበስ ብለህ አላየኸኝም" አልኩትና ሳሎን የተሰቀለውን የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ወደ ግድግዳው አዞርኩት። እማዬ አየች። "ያዞርሽው አንቺ ነሽ፣ የምትመልሺውም አንቺ ነሽ" ብላ ዝም አለች። 4 ወር ሙሉ የሥዕሉን ጀርባ እያየች ጸለየች።

በመጨረሻ ዲፌንሱን፣ ማለትም ጥናቴን ለፈታኞች የማቀርብበትን የዶክትሬቱን የመጨረሻ ፈተና፣ በዙም እንዳደርግ ፈቀዱልኝ። ሐምሌ 18 ቀን 2017፣ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት። የገብርኤል ዋዜማ።

10 ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ። 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከሕንጻው ጀርባ ትራንስፎርመሩ "ጧ!" አለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ላፕቶፔ 34 በመቶ ነበረው። ባትሪው አርጅቷል፣ ቢበዛ 40 ደቂቃ ቢያቆየኝ ነው። ዲፌንሱ 2 ሰዓት ይፈጃል።

"ይመጣል" አለች እማዬ። 12 ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። 1 ሰዓት ሆነ። የስልኬ ኔትወርክ አንድ መስመር ቀረው፣ እሷም ብልጭ ድርግም ትላለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። "አሁን ደስ አለህ?" አልኩት ጮክ ብዬ። ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

እማዬ አልተቆጣችም። ጧፍ ለኮሰችና በሩን ከፍታ ወጣች። ስንት ወር አልጋ ላይ የከረመች ሴት በጨለማ ደረጃ እየወረደች በር ታንኳኳለች፦ "የልጄ ፈተና ዛሬ ነው፣ ላፕቶፕ የሚሞላ ነገር ያለው አለ?" ድምጿ ከታች እየራቀ ሲሄድ ያ ቃል መጣብኝ፣ ሳልጠራው፦ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?

መጀመሪያ ፎቅ ያለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ልጅ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር አለኝ፣ ባትሪ ግን የለኝም አለ። ባትሪ የነበረው ባጃጅ ነጂው ጎረቤታችን ነው። ከባጃጁ ፈትቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በዚያ ዝናብ አራት ፎቅ ተሸክሞ አመጣው። በዝናብ ማታ ባጃጅ ምን ያህል እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ፣ የዚያን ማታ ገቢው ቀረ። ወንድሜ፣ ስምህን አልጽፍም፣ እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልልኝ። የሁለተኛ ፎቋ እትዬም፣ በርጩማውንና ጋቢውን ያመጡልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ኔትወርኩስ? የጎረቤት ትንሽ ልጅ ስልኬን ይዛ ስትሮጥ ከሦስተኛው ፎቅ በላይ ካለው የደረጃ መስኮት ጮኸች፦ "እዚህ ሦስት መስመር አለው!"

ደረጃው ላይ ነው የቀረብኩት። ላፕቶፑ በርጩማ ላይ፣ ባትሪው እግሬ ሥር፣ ስልኬ መስኮቱ ላይ። ኔትወርኩ እንዲበቃ ካሜራዬን አጠፋሁ፣ ስለዚህ አምስቱ ፈታኞች የት እንዳለሁ አላዩም። እማዬ ከእኔ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ነፋሱ እንዳያጠፋባት ጧፉን በመዳፏ ከልላ ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ ትደግማለች። ሰሙ ጣቷ ላይ ይንጠባጠባል፣ አታነሳውም።

ከፈታኞቹ አንዱ ጠየቁኝ፦ ኮከቡን እንዲህ የሚያስተነፍሰው ምንድን ነው? ስንት ጊዜ የመለስኩት ጥያቄ ነው። ከላይኛው ክፍሉ ውስጥ ያለው ሂሊየም ሲታመቅና ሲግል ብርሃኑን ያፍናል፣ የታፈነው ይገፋል፣ ኮከቡ ያብጣል። ሲያብጥ ይቀዘቅዛል፣ ሂሊየሙ ብርሃኑን ይለቃል፣ ኮከቡ ተመልሶ ይኮማተራል፣ ደግሞ ይጀምራል። የእማዬን ጧፍ እያየሁ ነው የተናገርኩት፤ አፌ ላይ እንደ አዲስ መጣ።

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። 4 ደቂቃ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ 4 ደቂቃ የለም። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸለይኩ፣ ቃሉም አጭር ነበር፦ ቅዱስ ገብርኤል፣ ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያወጣህ፣ ነገ ቀንህ ነው፣ ድረስልኝ። ስልኩን ሳልነካው ተመለሰ። ፕሮፌሰሬ "ከቆምሽበት ቀጥዪ" አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ጨርሼ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻዬን አስጠበቁኝ። ሲመለሱ ስሜን "ዶክተር" ብለው ጠሩት። እትዬ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ "ዶክተር" የምትለዋን ግን ሰሙ። እልልታው ከታች ጀምሮ ፎቅ ለፎቅ ወጣ፣ ማን እንደሆነ አይታይም፣ ጨለማ ነው። ከሩቅ የማኅሌቱ ከበሮ ይሰማል።

ቪዛው እስካሁን አልመጣም። ጸልዩልኝ።

ያን ሌሊት ጧፉን ከእማዬ ተቀብዬ ሳሎን ገባሁ፣ ሥዕሉን በሁለት እጄ ይዤ አዞርኩት። አቧራውን በነጠላዬ ጠረግኩ። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ታለቅስ ነበር። መብራት የመጣው በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።