«ይፍታህ» ከተባልኩ በኋላ የባከኑ ሁለት ዓመታት

ንስሐ ግባ የሚል ሰው ሞልቷል። ንስሐ ከገባህ በኋላ ምን እንደሚገጥምህ የነገረኝ ግን አንድም አልነበረም። እኔ የተሰናከልኩት እዚያ ላይ ነው። መናዘዙ ላይ አይደለም፤ ምሕረቱን መቀበሉ ላይ።

ጥፋቴን በአጭሩ ልናገር። ታላቅ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመት ሙሉ አስቀምጥልኝ እያለች ብር ላከችልኝ። በ2005 የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት «በስምሽ ተመዝግቤልሻለሁ፣ በየወሩም እየቆጠብኩልሽ ነው» አልኳት። ውሸት ነበር። ብሩ ከጓደኛዬ ጋር በገዛነው አሮጌ ሚኒባስ ሞተር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። የተረፈውን ጠጥቼዋለሁ። በድምሩ 186 ሺህ ብር። ከ2006 ኅዳር ጀምሮ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እሷም አንዷ ነበረች። ቦሌ ስቀበላት በእጇ የያዘችው አንድ ፌስታል ነው። ገና ታክሲው ውስጥ ሳንደላደል «ቤቱስ? ዕጣ ወጣልኝ?» አለችኝ።

እውነቱን የነገርኳት በሳምንቱ ነው። አልጮኸችም። ሁለት ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ማስረከብ ጀመረች። በዓመቱ፣ የፋሲካ ዋዜማ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «በቃ ይቅር ብዬሃለሁ። ጨርሰናል» አለችኝ። እሷ ጨረሰች። እኔ አልጨረስኩም።

ማዘኑን ለብቻው አላወራውም፤ የበደለ ያውቀዋል። የንስሐ አባት ፍለጋው ግን እስካሁን ያናድደኛል። በ2009 ሁዳዴ አንድ ደብር ጽሕፈት ቤት ሄጄ የንስሐ አባት ይመደብልኝ አልኩ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «የሰበካ ጉባኤ ደብተር አለህ?» አለኝ። የለኝም። «እንግዲያው ያለፈውን ሦስት ዓመት ከፍለህ ና።» እኔ ያንን በር ለመርገጥ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሱ የሦስት ዓመት ውዝፍ ይጠይቀኛል። የአባልነት ክፍያው ተገቢ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በምን ትተዳደራለች። ግን አንድ ቀን ቢዘገይ ምን ነበረበት? ወጥቼ ቅጥሩ ሥር ያገኘኋቸውን ካህን ያዝኩ። የበዓል ቀን ነው፣ ሰው ይጋፋል። ግማሹን ሳልናገር ስልካቸው ጠራ፣ አነሡት። ሲመለሱ «እህትህ አይደለች? የቤተሰብ ነገር ነው። 41 ስገድ» ብለው መስቀሉን አሳልመውኝ ሄዱ።

ማንም ካህን ይሁን፣ ሥልጣኑ አንድ ነው ይባላል። ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ምክሬ ግን ሌላ ነው። ጊዜ ያለውን ካህን ፈልጉ። በበዓል ቀን አትናዘዙ። በአዘቦት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቅጥሩ ጭር ሲል ሂዱ። እኔ በመጨረሻ ያገኘኋቸው አባ እንደዚያ ባለ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሁለት ሰዓት ሰሙኝ። በመሃል የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እህትህ አሁን በምን ትኖራለች?»

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ስለነበር ቀኖናውን፣ ማለትም የንስሐ ቅጣቱን፣ ወዲያው አልሰጡኝም። በእነዚያ 50 ቀናት አይጾምም፣ አይሰገድም። ሰኔ ሲገባ 40 ቀን ሰጡኝ፤ በቀን 41 ስግደት፣ ጠዋት ጠዋት መዝሙር 50፣ ብሩንም እንደ አቅሜ መመለስ። ጨረስኩ። ሄድኩ። መስቀላቸውን አናቴ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ፤ ለፍልሰታም ሥጋ ወደሙ እንድቀበል ነገሩኝ።

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው።

ከደብሩ ስወጣ ቀለል ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም የለም። ታክሲ ይዤ ቤት ስደርስ እህቴ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እጇ እስከ ክርኗ በእርጥብ ሊጥ ተለውሷል። ይህቺን ሴት በ40 ቀን? አልኩ። አይሆንም። በዚያው ማታ በራሴ ሥልጣን 41ዱን 82 አደረግሁት። ከወር በኋላ 120 ደረሰ። ጉልበቴ አብጦ ደረጃ በጎን ነበር የምወርደው። እሑድም አልቀረኝም። ፍልሰታ መጣ፣ አልቆረብኩም። «ገና ነኝ» አልኩ። እናቴ ደግሞ «ልጅ ነህ፣ ምን አስቸኮለህ? ስታረጅ ትቆርባለህ» አለችኝ፤ ምክንያቴን አገኘሁ። ይህ ቁርባንን ለሽምግልና የማቆየት ልማድ ስንቱን ከደጅ እንዳስቀረ! ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ አላስተማረችም። እኛ ነን ያመጣነው።

ያንኑ አንድ ኃጢአት ለሌሎች ሁለት ካህናት እንደ አዲስ ተናዘዝኩ። ፍርድ ይከብድልኛል ብዬ ነው። አልከበደም፤ ሁለተኛው እንዲያውም አዘኑልኝ። በ2010 ስቅለት የሠራሁትን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ውለን ማምሻውን ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባችንን እየጠበጠቡ የምንሰግደውን ቁጥር ይነግሩናል። ተሰልፌ ተጠበጠብኩ። ከዚያ ዞሬ በሌላው ካህን ሰልፍ እንደገና ገባሁ። ከፊቴ የነበረች ትንሽ ልጅ ዘወር ብላ አየችኝና እናቷን «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ቅድም ተመቷል እኮ» አለቻት።

ያኔ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ስለ በላኤ ሰብእ ሲተረክ ሁልጊዜ እሰማለሁ። 78 ነፍስ በልቶ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። ለእሱ አለቅሳለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን አይሠራም። የእኔ ኃጢአት ለየት ያለ ነዋ! ሰው በኃጢአቱም ይኮራል ለካ።

አባ የሰሙት በዚያው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጥተው ሳነክስ ሲያዩኝ ነው። ስግደቱን ነገርኳቸው። «አሁን? በሃምሳው ውስጥ?» አሉና ጠበሉን አስቀመጡት። «ጌታ ተነሥቷል እየተባለ አንተ ለማን ነው የምትሰግደው? እኔ ይህን አዝዤሃለሁ?» ተቆጡኝ። እኔም በውስጤ ተቆጣሁ፤ እንዲህ እየደከምኩ የሚያመሰግነኝ እንኳ ጠፋ ብዬ። በሩን ዘግቼ ቀጠልኩ። ሌላ ዓመት ሄደ።

ያቆመኝ ፖስታው ነው። በየወሩ ደሞዜን እንደተቀበልኩ 3 ሺህ ብር በፖስታ አድርጌ ለእህቴ እሰጣታለሁ። ደብተር ነበረኝ፤ ቀኑን ጽፌ አስፈርማታለሁ። ሐምሌ 2011፣ 24ኛው ፖስታ። 72 ሺህ ብር ደርሰናል። እስክርቢቶውን አቀበልኳት። ይዛው ዝም አለች።

«ጅዳ ማዳሜም እንዲህ ነበር የምታስፈርመኝ» አለች።

የምለው ጠፋኝ።

«ስንት ቀረ?»

«114 ሺህ።»

«እሺ፣ ሲያልቅስ? ሲያልቅ ምኔ ትሆናለህ?» ደብተሩን ዘጋችው። «አንተ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ፊት ቁጭ ብለህ አልበላህም። ስጠራህ ጠግቤያለሁ ትላለህ። ደሞዝ እዚያም ነበረኝ። ደሞዝ የሚከፍል ሰው አልጠራሁም።»

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ አባ ዘንድ ሄድኩ። ብዙ አላወሩኝም። ሉቃስ 15ን፣ የጠፋውን ልጅ ታሪክ፣ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። ልጁ በረሀብ ሳለ ለአባቱ የሚለውን ሲያሰላስል «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የምትለው ላይ ስደርስ «ሞያተኛ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ደሞዝተኛ» አልኩ። ይኸው የትናንቱ ቃል። «ቀጥል።» ልጁ አባቱ ፊት ቆሞ በደልሁ አለ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም አለ። ከዚያ አባትየው ልብስ አምጡ ይላል። «ያቺ የደሞዝተኛዋ ነገርስ?» አሉኝ። ወደ ላይ ተመልሼ አነበብኩ። የለችም። ተዘጋጅቶ የመጣባት ልመና አፉ ውስጥ ቀርታለች።

«አላስጨረሰውም» አሉ አባ። «ልጁም ልብሱን አልለብስም አላለ።»

አልተውኩም፣ ዘኬዎስን አነሣሁባቸው። አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ የለም እንዴ? «ብሏል። ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ያለው። እንዲገባለት ብሎ አይደለም።» ስለ ቀረው ብር ስጠይቃቸው ደግሞ አጭር መልስ ሰጡኝ። ዕዳው የእህትህ ነው፤ ተውኩት ካለች ተወችው፤ አልተውኩም ካለች ትከፍላለህ። ምሕረቱ ከዚያ ደብተር ውስጥ አይገባም።

የበደላችሁትን ገንዘብ መልሱ፤ ንስሐ ገብቻለሁ ብሎ የሰው ብር ይዞ የሚዞር ያስጠላኛል። ደብተሩን ግን አቃጥሉት። ቀኖናውንም ከተሰጣችሁ ላይ አንዲት አትጨምሩ። እንደዚህ ሲባል «ታዲያ ምኑን ተቀጣሁ?» የሚል ነገር ውስጣችሁ ከተነሣ ያኔ ወደ አባታችሁ ሩጡ። እኔ ለዚያ ጥያቄ ሁለት ዓመትና አንድ ጉልበት ከፍያለሁ። ጉልበቱ አሁንም በክረምት ያመኛል። ብሎም ደግሞ፣ ቀለለኝ አልቀለለኝም እያላችሁ ራሳችሁን አትለኩ። እኔ ከአባ ዘንድ ስወጣም አልቀለለኝም ነበር። ያው ታክሲ፣ ያው ወረፋ።

የዚያ ዓመት ፍልሰታን ጾምኩ። ነሐሴ 15 ከሰዓት ጀምሮ እህል ውኃ ሳልቀምስ ከቁርባን በፊት የሚጾመውን 18 ሰዓት ጠብቄ ሌሊት ከእህቴ ጋር ሄድን። የተሰለፈው አብዛኛው ሕፃን ነው። አንዱ እናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያለቅሳል። ሰልፉ ሲጠጋ እግሬ ወደ ምሰሶው ኋላ ሊወስደኝ ዳዳው፤ ለሁለት ዓመት የምቆምበት ቦታ ነበር። እህቴ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ነበር። አለቀቀችም።

ጾሙ ተፈቶ ነበር፣ ቤት ዶሮ ጠበቀን። ድስቱን አውጥታ ዕንቁላሉን እኔ ፊት አደረገችው። ከጎኗ ተቀመጥኩ። አጎረሰችኝ። ሁለተኛውን ጠቅልላ ስታነሣ እንደ ልማዴ ይበቃኛል ልል ነበር። አፌን ከፈትኩ።