«ፀሐይ» ብለው ሲፈልጉ «ጸሃይ» ለምን አይወጣም?

የደንበኛዋ ስም በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ ፍለጋው ግን «አልተገኘም» ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ብልሽት አይደለም። መዝጋቢው «ጸሃይ» ብሎ ጽፏል፣ ፈላጊው «ፀሐይ» ብሏል።

ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም፤ የሚያወዳድረው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ የእኛን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያስገባ ከ4608 ጀምሮ ቁጥር ሰጥቶታል። «ፀሐይ» 4928፣ 4624፣ 4845 ነው። «ጸሃይ» ደግሞ 4920፣ 4611፣ 4845። የሚገጥመው «ይ» ብቻ ነው። ሁለቱን ጸ እና ስድስቱን «ሃ» የሚባሉ ፊደላት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ብናባዛ፣ ይህ አንድ ስም አሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል።

መፍትሔው ከማወዳደር በፊት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ነው። ደግነቱ ሰንጠረዡ በሥርዓት ተደርድሯል። እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ይዟል፦ ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624። እንደ ቈ እና ጐ ያሉትን ትተን፣ ቁጥሩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ 2 ከሆነ ሣልስ ነው፤ እንዲህ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል። ስለዚህ የሐን ቤት በሙሉ ወደ ሀ ቤት ለማምጣት ከቁጥሩ 16 መቀነስ ይበቃል። ከኀ 128 (ወደ ሀ)፣ ከዐ 48 (ወደ አ)፣ ከፀ 8 (ወደ ጸ) ይቀነሳል፤ ሠ ላይ 16 ይደመራል (ወደ ሰ)። ይህ ካለቀ በኋላ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይለወጣል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ሃን አስቀድሞ የለወጠ ሰው ከሓ እና ከኃ የሚመጡትን አዳዲስ ሃዎች ያመልጡታል።

ቅነሳው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ባሉት ሰባት ብቻ ይወሰን። ሗ ላይ 16 ቢቀንሱ የሚያገኙት ሇን ነው፤ ድምፁ ሌላ፣ እሱን የሚያውቀው ሰውም ጥቂት።

ሥርዓተ ነጥቡም ወጥመድ አለው። ብዙ ሰው አራት ነጥብን (።) የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት (፡፡) ነው፤ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ናቸው። መጀመሪያ ፡፡ን ወደ ። ይለውጡ፤ ከዚያ ነጠላውን ፡ ወደ ክፍት ቦታ። ከተገላበጠ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይጠፋል።

ለውጡ በተመዘገበውም፣ ተጠቃሚው በሚጽፈው የፍለጋ ቃልም ላይ መደረግ አለበት። ዋናውን ጽሑፍ ግን አይንኩ፤ የተስተካከለው ቅጂ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ። የሰው ስም እንደ ባለቤቱ አጻጻፍ መታየት አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ፊደል ማዋሃድ ዋጋም ያስከፍላል። «ድኅነት» እና «ድህነት» አንድ ይሆናሉ፤ ስለ ነፍስ መዳን የሚያነብ ሰው ስለ ችግርና ማጣት የተጻፈ ይመጣለታል። ይህ ግን ማዋሃዱን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ውጤቱን ሲደረድሩ በዋናው አጻጻፍ ልክ የገጠሙትን ከላይ፣ በተስተካከለው ቅጂ ብቻ የገጠሙትን ከሥር ያድርጉ።