መንቀጥቀጡ አልቆም ሲል መርዝን መጠርጠር

አንድ ሰው ራሱን ስቶ እየተንቀጠቀጠ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሚጥል በሽታ ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ይሆናል። ሆኖም ሰውየው ከዚህ በፊት አንቀጥቅጦት የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም የተለመደው መድኃኒት ተሰጥቶትም መንቀጥቀጡ አልቆም ካለ፣ መመረዝን ሳይጠረጥሩ ማለፍ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሥራ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አንድ ነው፤ በሽተኛውን በጎኑ ማስተኛት፣ የአየር መተላለፊያውን ማጽዳት፣ ኦክስጅን መስጠትና የደም ስኳሩን ወዲያው መለካት። በጥርሶቹ መካከል ማንኪያም ሆነ ጨርቅ ማስገባት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ በራሱ እስኪቆም መጠበቅ አይገባም፤ ለአዋቂ እስከ 10 ሚሊ ግራም ዲያዜፓም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ የደም ሥር ካልተገኘ ሚዳዞላም በጡንቻ ይወጋል።

መድኃኒቱ እየተዘጋጀ ሳለ በሽተኛውን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የዓይኑ ብሌን እጅግ ጠብቦ፣ ላቡ፣ እንባውና ምራቁ ያለማቋረጥ እየፈሰሰ፣ ጡንቻዎቹ ከቆዳው ሥር እርግብግብ እያሉ ደረቱ በፈሳሽ ተሞልቶ የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ ኦርጋኖፎስፌት የተባለውን ፀረ ተባይ መጠርጠር ግድ ይላል። በሽተኛውን ለሞት የሚያደርሰው ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሳንባው በፈሳሽ መሞላትና የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ መዛል ስለሆነ፣ ፈሳሹን የሚያደርቀው አትሮፒን የተባለ መድኃኒት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ተጀምሮ፣ ለውጥ ካልታየ በየ5 ደቂቃው በእጥፍ እየጨመረ፣ ደረቱ እስኪጠራ ድረስ ይሰጣል። የልብ ምቱ ፈጥኗል ብሎ ደረቱ ሳይጠራ አትሮፒኑን መተው ትልቅ ጥፋት ነው። ጓንት አድርጎ ልብሱን ማውለቅና ገላውን በውኃና በሳሙና ማጠብም የሕክምናው አካል ነው።

ዲያዜፓም ተደጋግሞም መንቀጥቀጡን ካላቆመው፣ እኔ ቶሎ የምጠይቀው በቤቱ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዳለ ነው። አይሶናያዚድ የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት ከመጠን በላይ ሲወሰድ አንጎል በቫይታሚን ቢ6 አማካይነት የሚሠራውን ጋባ የተባለ አረጋጊ ንጥረ ነገር ያሳጣዋል። ዲያዜፓም የሚሠራው ይህንኑ ንጥረ ነገር በማገዝ ስለሆነ ብቻውን አቅም ያጥረዋል። ማርከሻው ራሱ ቫይታሚን ቢ6 ነው፤ የተዋጠው መጠን ካልታወቀ ለአዋቂ 5 ግራም በደም ሥር ይሰጣል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንም በመርዝ ለሚመጣ መንቀጥቀጥ እምብዛም አይረዳም።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ግን ቤተሰብ ሲናገር ነው። ሰው ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ከሆነ ዘመዶቹ በኀፍረትና በፍርሃት እውነቱን ይደብቃሉ፤ ስለዚህ ለብቻቸው ወስዶ፣ ሳይገሥጹና ሳይወቅሱ፣ ጠርሙሱን ወይም የክኒኑን ማሸጊያ እንዲያመጡ መጠየቅ ይገባል። በግድ እንዳያስመልሱትም መንገር ያስፈልጋል፤ ራሱን የሳተ ሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል።

መንቀጥቀጡ ቆሞ በሽተኛው መናገር ሲጀምር ጥበቃውን ማላላት ያጓጓል። ይሁንና በፀረ ተባይ የተመረዘ ሰው ከ1 እስከ 4 ባሉት ቀናት ውስጥ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ እንደገና ሊዝሉ ይችላሉ፤ ቀድሞ የሚደክመውም ብዙ ጊዜ አንገቱ ነው። በእያንዳንዱ የተረኛ ቅያሪ ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና እንዲያደርግ መጠየቅ፣ ካቃተውም የመተንፈሻ መሣሪያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።